ለባለቤቴ የተመረቀው ቤት

መርሳ ተከራይተን በኖርንባቸው ዓመታት ሁሉ ባለቤቴ በግቢው አንድም ዛፍ አልተከለችም። እኔ ሲሪንቃ በግብርና ምርምር ሥራ ላይ ስለነበርኩ ችግኝ ማምጣት አይቸግረኝም ነበር። «በሰው ግቢ ተክዬ ለማን ትቼው ልሄድ?» ትለኛለች። የምታበቅለው ጤናዳም ብቻ ነበር፤ እሱንም በጣሳ። ጣሳ ተሸክሞ መሄድ ይቻላል።

ኩላሊቷ ሲታመም ወደ ወልድያ ሆስፒታል መመላለስ ጀመርን። ከጎኗ እንዳልርቅ ስል ምርምሩን ትቼ ወልድያ በመምህርነት ተቀጠርኩ። በዚያው ሰሞን አከራያችን ሐጂ፣ ደሴ ከተማ ካለችው ልጃቸው ዘንድ ለመኖር ስለቈረጡ ቤቱን ከማንም በፊት ለእኛ አቀረቡልን። ባለቤቴ ከዚያ ግቢ መውጣት አልፈለገችም፤ ከባንክ ተበድሬ ልገዛላት ወሰንኩ።

በሰፈራችን ወግ ሻጭና ገዢ በጎረቤት ፊት እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ ይመረቃሉ፤ ወረቀቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ሐጂ እጄን እንደያዙ ፊታቸውን ወደ እርሷ አዞሩ።

«ይኼ ሰውዬሽ እንደሁ የሚኖረው መጽሐፍ ውስጥ ነው። ቤቱ ላንቺ ነው፣ ልጄ።»

«ሐጂ፣ ኪራይ የሚከፍልዎትን ሰው አይስደቡብኝ!»

«የታለና ስድቡ? ገና መች ጀመርሁት!»

ጎረቤቱ ሳቀ። ከዚያ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ «አላህ የዕድሜሽ ማረፊያ ያርግልሽ» አሉ። ጎረቤቶቹ አሚን፣ እኛ አሜን አልን። በማግስቱ ባለቤቴ ማንጎ አስመጣችኝ። ጉድጓዱን እኔ ቆፈርኩ፤ አፈሩን ግን ማንም እንዲመልስላት አልፈቀደችም።

የባንኩ ሠራተኛ ትሑት ወጣት ነበር። «የሙከራ ጊዜዎን ሲጨርሱ የቋሚነት ደብዳቤ ይዘው ይምጡ» አለኝ። ዕድሜዬን በሙሉ ደመወዝ ሳይቋረጥብኝ መሥራቴን ብነግረው፣ «እሱ በቀድሞ መሥሪያ ቤትዎ ነው፣ ጋሼ» አለ። አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ።

ይህን ለሐጂ ስነግራቸው፣ «ዱዓ ተደርጓል። ባንኩ ይዘግይ፤ እኔ የት እሄድብሃለሁ?» አሉ። ከግራና ከተማ ገንዘቡን ይዞ የመጣ ነጋዴንም ሻይ አጠጥተው መለሱት። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ማንጎውን ውኃ ታጠጣና፣ «ደብዳቤው ደረሰ?» ትለኛለች። «ቀርቧል» እላለሁ።

ደብዳቤው አርባዋ ከወጣ በኋላ ደረሰ።

ሆኖም ቃል ሰጥቼ ነበርና ወደ ባንክ ሄድኩ። ያው ወጣት ማመልከቻውን አገላበጠና፣ «የባለቤትዎ ፊርማ ይጎድላል» አለ። ነገርኩት። አንገቱን ደፋ፤ «ነፍስ ይማር» አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንግዲያው ያላገቡ መሆንዎን የሚገልጽ ማስረጃ ከቀበሌ ያምጡልኝ» አለኝ። ጥፋት የለበትም፤ ሥርዐቱ ነው።

ቀበሌ ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ ጸሐፊዋ፣ «ምን ልጻፍልዎ፣ አባቴ?» አለች። በብዙ ቋንቋ ያነበብኩ ሰው ነኝ፤ ያችን አንዲት ቃል ግን ከአፌ ማውጣት አቃተኝ። ከኋላዬ ለቆመው ሰው ተራዬን ለቅቄ ወጣሁ።

ለሐጂ ቃላቸውን እንደምመልስላቸው ነገርኳቸው። ቈጣ አሉ፤ «እጠብቅሃለሁ አልሁ እኮ!»

«ለማን ብዬ ላስጠብቅዎት?» አልኳቸው።

ያኔ ድምፃቸው ተሰበረ። «ቤቱንስ ሰው ይገዛዋል። ዱዓው የርሷ ነው፤ እሱን ለማን ልስጠው?»

ጎረቤቶች በድጋሚ ተጠሩ። እጅ ለእጅ ተያያዝን፤ ተላቀቅን። መዳፉን የዘረጋ ሰው አልነበረም።

በወጣሁበት ቀን የጤናዳሙን ጣሳዎች ይዤ ሄድኩ። ማንጎው ገና ከጉልበቴ አላለፈም ነበር። ከነአፈሩ አንሥቶ ሌላ ቦታ መትከል ሙያዬ ነው፤ ሐጂም «ውሰደው» ብለውኛል። አልነካሁትም። እርሷ የተከለችው በገዛ ግቢዋ ነው።