ወንጌላዊው የጸለዩለት የቤዝቦል ጓንት

እሁድ ጠዋት ለቸርች ለባብሼ ልወጣ ስል በሩ ተንኳኳ። ወንጌላዊ ቶማ ናቸው... ጡረታ የወጡ አገልጋይ፣ የሰፈራችን አባት። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል።

«ልጄ፣ ቦርሳዬ ተሠራ?»

«የቱ ቦርሳ አባባ?»

«የመጽሐፍ ቅዱሱ ነዋ። ዚፑ እምቢ ብሎኝ ሐሙስ ዕለት በራችሁ ላይ አስቀምጬልሽ ሄድኩ። እናትሽም አልነበረችም።»

ክው አልኩ።

ለማታውቁኝ፣ የምኖረው ሶዶ ነው። በአካውንቲንግ ተመርቄ፣ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር መቆም ሲሰለቸኝ የራሴን ሥራ ጀመርኩ። አሮጌ የቤዝቦል ጓንት አድሳለሁ። አትሳቁ። ጫማና ቦርሳ ከሚመጣበት ሳልቫጅ ጋር አንዳንዴ ተቀላቅሎ ይመጣል... ኳስ የሚቀለብበት፣ ጣቶቹ የወፈሩ፣ ትልቅ የቆዳ ጓንት። ገበያ ያሉት ሻጮች ምን እንደሆነ ስለማያውቁ ጥግ ይወረውሩታል። አንዷማ ትኩስ ድስት ታወርድበት ነበር። እኔ ቪዲዮ እያየሁ ለመድኩት፤ የተበጠሰውን ጠፍር ከአሮጌ ቀበቶ፣ የተቀደደውን መዳፍ ከተጣለ ቦርሳ እየቆረጥኩ እተካለሁ።

ሰፈሩ «ያቺ ቆዳ የምትሰፋ ልጅ» ይለኛል። ያረጀ የቆዳ ነገር ያለው ሁሉ በራችን ላይ ያለው ማዳበሪያ ውስጥ ጣል አድርጎልኝ ያልፋል። ማንም አያንኳኳም፣ እኔም የማን ነው ብዬ አልጠይቅም።

ሰሞኑን ደግሞ አዲስ አበባ ያለ አንድ ልጅ፣ አሮጌ ጓንት ለሚሰበስቡ ፈረንጆች የሚሸጥ፣ ደወለልኝ። «አንድ ናሙና በደንብ አድሰሽ እሁድ በሚወጣው መኪና ላኪልኝ። ከወደዱት ቋሚ ሥራ ነው» አለኝ። ቋሚ ሥራ... ከተመረቅኩ ወዲህ እነዚህን ቃላት ከአፉ ያወጣልኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

የጎደለኝ ለመዳፉ የሚሆን ደህና ቆዳ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት ወደ ቤት ስመለስ ማዳበሪያው አናት ላይ ቡናማ የመጽሐፍ ቅዱስ ቦርሳ አገኘሁ። ቆዳው በእጅ ብዛት ለስልሶ እንደ ጨርቅ ይታጠፋል። የተበላሸው ዚፑ ብቻ ነው። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይጥላል እንዴ ብዬ አሰብኩ።

አዎ፣ አስቤያለሁ። ወጥቼ ጎረቤት መጠየቅ እችል ነበር። ግን ብጠይቅ «የኔ ነው» የሚል ሰው ይመጣል ብዬ ፈራሁ። መቀሱን አነሳሁ።

እና አሁን ባለቤቱ በራችን ላይ ቆመዋል።

«ገና ነኝ አባባ... ዚፕ አጥቼ ነው» አልኩ። እሁድ ጠዋት፣ የቸርች ልብሴን ለብሼ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ።

«አትቸኩይ። ካገለገልኩበት ከቢጠና ስሸኝ ምእመናን የሰጡኝ ነው። ስንት ገጠር አብሮኝ ዞሯል፣ ደህና ዚፕ ይገባዋል ብዬ ነው እንጂ...»

ይሄን እያሉ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጓንት አዩ። ገብተው አነሱት።

«ይሄስ ምንድነው?»

«ጓንት ነው። ኳስ ይቀለብበታል።»

«ሌላኛውስ?»

«የለውም አባባ፣ የግራ ብቻ ነው።»

«ውይ... ሰውየው ቀኝ እጁን ምን አግኝቶት ነው?»

በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እፈርስ ነበር። «ደህና ነው፣ በቀኙ ይወረውርበታል» አልኳቸው። ከዚያ ሳላስበው «ይሄን ፈረንጆቹ ከወደዱልኝ ሥራ አገኛለሁ» የሚል ከአፌ ወጣ።

«እንግዲያው ሳንጸልይበት አይሄድማ።»

በእኛ ሰፈር እንዲህ ነው። ባጃጅ የገዛ ባጃጁን፣ ሱቅ የከፈተ ቁልፉን ይዞ ይመጣል፣ እጅ ይጫንበታል። ወንጌላዊው ጓንቱን ደረታቸው ላይ አስደግፈው፣ እጃቸውን ልክ መሀሉ ላይ አድርገው በወላይትኛ ጀመሩ። ለእኔ ጸለዩ። ለእናቴ ጸለዩ። ፈረንጁንም አልረሱም፣ ቀኝ እጁን ጠብቅለት አሉ። እኔ ዓይኔን መጨፈን አቃተኝ።

አውራ ጣታቸው ቆዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆየና አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ነጣ ያለች፣ ትንሽ የጎደጎደች ቦታ ናት። ስሰፋ አይቻታለሁ፣ በምን እንደመጣች አላሰብኩም ነበር። አውራ ጣታቸው ልክክ ብሎ ገባባት።

ጸሎቱ ተቋረጠ።

ዓይናቸውን አልገለጡም።

ከዚያ ካቆሙበት ቀጠሉ። ድምፃቸው ትንሽ ዝቅ ብሏል። «የጀመረችውን ፈጽምላት» ብለው አሜን አሉና ጓንቱን እንደተኛ ሕፃን ቀስ ብለው አስቀመጡት። ፌስታላቸውን አነሱ።

«ዚፑን ተዪው ልጄ፣ አትድከሚ።»

«አባባ፣ እኔ እኮ...»

«መኪናው እንዳያመልጥሽ።»

ወጡ። ተከትያቸው መሮጥ ነበረብኝ። ስፌቱን መፍታትም እችል ነበር፤ ቆዳው ቢቆረጥም መልሶ ቦርሳ ለመሆን አያንስም። እኔ ግን ጓንቱን ካርቶን ውስጥ ከትቼ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። ቸርችም አልሄድኩም። የት ብዬ፣ በየትኛው ወንበር ልቀመጥ?

ትናንት መልእክት መጣ። «ወደውታል። የመሀሉ ቆዳማ ጉድ ነው፣ ፈረንጁ ከእጁ አላወልቅም አለ። ሥራው ያንቺ ነው። ብቻ አደራ፣ የሚቀጥሉትም ሁሉ ከዚሁ ዓይነት ቆዳ ይሁኑ» ይላል።

እስካሁን አልመለስኩለትም... እንዲህ ዓይነት ቆዳ እንዲገኝ አንድ ወንጌላዊ ዕድሜውን ሙሉ በእግሩ መዞር አለበት ብዬ እንዴት አድርጌ ልጻፍለት?