አርባ ቀን ያልሞላው ካፓሲተር

የሞላሌው ራዲዮ ጠጋኝ ብርዱን በሁለት ካፖርት ይመክታል፤ የተሰበረ መነጽሩን በመዳብ ሽቦ አስሮታል። ጎረቤቱ ሳሙና ሻጯ ተናኘወርቅ የአባቷን ባለ ቫልቭ ራዲዮ ለጥገና ከሰጠችው ሦስት ዓመት ሆናት። የተቃጠለውን ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመውን ትንሽ የውስጥ ዕቃ፣ በዚያው ሳምንት ቀይሮታል። ግን የአዲስ ካፓሲተር ድምፅ ጥሬ ነው ባይ ነው፤ ወንድ ሕፃን ለክርስትና እንደሚጠብቀው አርባ ቀን ሳይቋረጥ ካልበራ ለሰው ጆሮ አይበቃም። መብራት በሄደ ቁጥር ቆጠራውን ከአንድ ይጀምራል። በሞላሌ ደግሞ መብራት ሳይጠፋ ሳምንት አይደፍንም።

"ድምፁ ገና እየለሰለሰ ነው" ይላታል፣ ጆሮውን እንደ ሐኪም ራዲዮው ላይ ለጥፎ። ከሰዓት በኋላ ግን በሩን ገርበብ አድርጎ ብቻውን ከራዲዮው ጋር ሲሳሳቅ ትሰማዋለች።

ዘንድሮ መብራቱ ጉድ ሠራው፤ ሠላሳ ዘጠኝ ቀን ሳይጠፋ ሰነበተ። በአርባኛው ቀን ተናኘወርቅ የራዲዮዋን መጠቅለያ ፎጣ ይዛ ብቅ ስትል፣ ሰውየው ጎንበስ ብሎ የራዲዮውን ሶኬት ሲነቅል ደረሰች። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጩ።

"ምን ይደረግ እህቴ፣ ዛሬም መብራት ሄደብን" አላት፣ ከራሱ በላይ አምፖሉ ቦግ ብሎ እየበራ።