የአባዬ ግራ ጆሮ

አል ጃሂሊ ምሽግ ደጃፍ ላይ የቆመው አሮጌ መድፍ ዛሬም በፀሐይ ግሎ ብረት ብረት ይሸታል።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አባዬ ከአቡዳቢ በአውቶቡስ ያመጣኝ ይህንኑ ሊያሳየኝ ነበር። ትምህርት ቤቴ የአሜሪካ ስለነበር፣ አሜሪካን ከመሠረቱት ሰዎች ስለ አንዱ ክፍል ውስጥ እንድናገር ታዝዤ ነበር። ሰውየውን ሁሉም የሚያነሳው በብዕሩና በገንዘብ ሚኒስትርነቱ ነው፤ በወጣትነቱ መድፈኛ እንደነበር ግን ማንም አያስታውስለትም።

አባዬ አቡዳቢ፣ አል ኻሊዲያ ሰፈር ውስጥ የአንድ ሕንፃ ዘበኛ ነበር። መድፉን በመዳፉ እየዳበሰ፣ "ሲተኮስ አፍሽን ክፈቺ" አለኝ። "ከዘጋሽው ድምፁ የጆሮሽን ታምቡር ይቀደዋል። እኔም አገር ቤት መድፈኛ ሳለሁ አንድ ቀን ረሳሁት።" ግራ ጆሮው ለምን እንደማይሰማ ያኔ ገባኝ።

ንግግራችንን ሊሰሙ ወላጆች በተጠሩበት ቀን የዘበኛ ዩኒፎርሙን ለብሶ መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። ልጆቹ እያዩት ይሳሳቃሉ። አፍ ስለ መክፈቱ ስናገር መምህሯ ተደንቃ ማን እንደነገረኝ ጠየቀችኝ።

"ኢንተርኔት ላይ አገኘሁት" አልኩ በእንግሊዝኛ። "ኢንተርኔት" የምትለዋን ቃል አባዬም ያውቃታል።

አውቶቡስ ስንጠብቅ ቦርሳዬን ተቀበለኝና "ማሻአላህ፣ ጥሩ ተናገርሽ" አለኝ። ቆይቶ ደግሞ፣ "መድፈኛነቱ ለተረሳው ሰውዬስ አንቺ ደረስሽለት" አለ።

"አባዬ፣ አፉ በለኝ" አልኩት። ቀስ ብዬ ነበር ያልኩት፤ የቆምኩትም በግራው በኩል ነበር። ዞር አላለም።

አሁን አባዬ ወሎ ተቀብሯል። ዛሬ መድፉ አጠገብ፣ በሚሰማው በቀኙ በኩል ልቆም መጥቼ፣ የቱ ጋ ቆሞ እንደነበር ጠፋኝ።