ስንዴ ያልነካው እርሾ

ይህ ነገር መጻፍ ይገባው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ያን ጊዜ ድርቁ ካለፈ ገና ብዙ አልቆየም፤ አንድ እፍኝ ስንዴ አጥተው ያለቁ ሰዎች ነበሩ። እኔ የምጽፈው ግን ስንዴ እቤቷ ተቀምጦላት መብላት ስላልቻለች አንዲት ልጅ ነው። ለማን ያስፈልጋል ብዬ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ሆኖም ስለዚያ ክረምት ሰው በጠየቀን ቁጥር እማዬ በአጭሩ «ታማብን ነው» ብላ ታልፈዋለች። ነገሩ እንዲህ አጭር አልነበረም።

እህቴ በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። አባታችን በምሥራቅ ጦር ግንባር ከወደቀ በኋላ፣ የእሱን የመሰሉ ወታደሮች ልጆች ለትምህርት ወደ ኩባ ሲላኩ እሷም ተላከች። ትምህርት ቤታቸው ከዋናው ምድር በባሕር በተለየች ደሴት ላይ ነበር። ጠዋት ይማራሉ፣ ከሰዓት በኋላ ብርቱካን ይለቅማሉ። ከዓመታት በኋላ በ1978 ክረምት ለእረፍት እንድትመጣ ተፈቀደላት። የእንስሳት ሕክምና ለመጨረስ አንድ ዓመት ብቻ ነበር የቀራት።

ቤታችን ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጀርባ ስለሆነ የመጣችበትን አውሮፕላን ከጣሪያችን በላይ ሲያልፍ ሰምተን ነው ልንቀበላት የሮጥነው። እማዬ ከቀበሌ ሱቅ በኩፖን ያገኘነውን የስንዴ ዱቄት አጠራቅማ ትልቅ ድፎ ዳቦ ጋግራ ነበር። እህቴ ዳቦውን ስታይ ፈገግታዋ ቀዘቀዘ።

«እማዬ፣ ዳቦ አልበላም። ሐኪሞቹ ከልክለውኛል።»

«የምን ሐኪም? ዳቦ የሚከለክል ሐኪም አለ?»

እህቴ የሐኪሞቹን ቃል በአማርኛ ለማግኘት ተቸገረች። እነሱ የነገሯት በስፓኒሽ ነው። ጥቂት አሰበችና «ስንዴ ውስጥ ሙጫ አለ። ገብስ ውስጥም አለ። እሱ ነው ሆዴን የሚጎዳው» አለች።

እማዬ ሳቀች። «ሙጫ? እኔ ሙጫ ጨምሬ አላቦካሁትም።»

ደሴቷ ላይ ሆዷ እየተነፋ፣ ምግብ አልረጋላት እያለ ብዙ ጊዜ ታማ ነበር። ሩዝ፣ ጥቁር ባቄላ፣ የሚጠበስ ሙዝና ካሳቫ ብቻ እንድትበላ ካደረጓት በኋላ ነው ሰው የሆነችው። ይህን ሁሉ ስታስረዳ እማዬ ዳቦውን በሁለት እጇ እንደያዘች ቆማ ነበር። በመጨረሻ «ለመባረኪያ ያህል ቅመሺ» አለቻት። እህቴም የእናቷን ዓይን አይታ ቀመሰች።

ከዚያ የጎረቤቱ ግብዣ መጣ። ሰፈሩ በሙሉ «ኩባ መጣች» እያለ ነው የሚጠራት። አጥራችን ከአጥራቸው ጋር የተያያዘው ጎረቤታችን፣ እኛ እትዬ የምንላቸው ሴት፣ ወጥ አሰርተው ጠሩን። እህቴ ከመቁረሷ በፊት በጣም በትሕትና ጠየቀች።

«እትዬ፣ እንጀራው ስንዴ ወይም ገብስ አለበት?»

ያን ጊዜ ጤፍ በጠፋበት ሰዓት ያልቀላቀለ ሰው አልነበረም፤ ቀላቀልኩ የሚል ግን አንድም ሰው አልነበረም። እንጀራ ላይ ስንዴ አለበት ወይ ብሎ መጠየቅ፣ እናንተ ቤት ቸግሯችኋል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። እህቴ ይህን ለማወቅ ብዙ ዓመት ርቃለች።

«እኔ ቤት? ቅልቅል?» አሉ እትዬ። «ልጄ፣ ውጭ አገር ስትኖሪ እንጀራም ረሳሽ መሰለኝ። ጤፍ ነው፣ ብዪ።» ብለው ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉላት። ሁለተኛውንም አጎረሷት፤ ጉርሻ አንድ ሆኖ አይቀርምና።

በሦስተኛው ቀን አልጋ ላይ ነበረች።

እዚህ ላይ ምን እንደነበረብን መናገር አለብኝ። በአዲሱ ዓመት ወደ ደሴቷ የሚመለሱት ተማሪዎች በጳጉሜን የጤና ምርመራ ነበረባቸው። የተማሪዎቹ ቡድን ኃላፊ በመጡበት ቀን እዚያው አውሮፕላን ማረፊያው ላይ በግልጽ ነግሯቸዋል፦ የታመመ፣ የደከመ፣ ክብደቱ የጎደለ አይሳፈርም። እህቴ ሰኔ ላይ ስትመጣ ቀሚሷ ልክ ነበር። ሐምሌ አጋማሽ ላይ በመርፌ ቁልፍ ያዝነው።

እማዬ ሙጫውን ያመነችው ያኔ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ጥቂት የስንዴ ሊጥ በጣቶቿ መካከል እየሳበች፣ ሲለጠጥና ሲጣበቅ ረጅም ጊዜ ስታየው አየኋት። «እውነቷን ነው» አለችኝ ዝግ ብላ። «ይኸው ሙጫው።» ከዚያን ቀን ጀምሮ ስንዴ ከቤታችን ወጣ። መኮሮኒው፣ ዱቄቱ፣ የገብስ ቆሎውና በሶው ሁሉ ለሰው ተሰጠ።

ቀሪው ንጹሕ ጤፍ ማግኘት ነበር። እህቴ ድንችና የተጠበሰ በቆሎ ትበላለች፤ ለእማዬ ግን እንጀራ ያልበላ ሰው አልበላም። በኩፖን ጤፍ አልነበረም፣ ገበያ ያለውም አይታመንም። ስለዚህ ሦስታችንም በጭቃው ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተደቡብ ወደ ቦሌ ቡልቡላ በእግር ሄድን። እዚያ እማዬ በገበያ የምታውቃቸው አንዲት የገበሬ ሚስት ነበሩ።

«ኮታ፣ ታኣ» አሉን በኦሮምኛ፤ ኑ፣ ተቀመጡ ማለታቸው ነው። ገና ሳንቀመጥ በእጃችን የገብስ ቆሎ ዘገኑልን። እህቴ ቆሎውን እያመሰገነች በኪሷ ከተተችው። እማዬ ያን የሚያስፈራ ጥያቄ ዞር ዞር ብላ ጠየቀች።

«ጤፉ እንዲያው ... ከስንዴ ጋር አንድ ላይ አልተወቃም?»

ሴትዮዋ ሳቁ። «ስንዴው ለመንግሥት ኮታ ሄዷል። ከምኑ ጋር ልውቃው?»

ችግሩ ጤፉን ማሳለፍ ነበር። መንገዱ ላይ የእህል ኬላ አለ፤ ከገበሬ እህል ገዝቶ ማስገባት ክልክል ነው። እማዬ ጤፉን በጨርቅ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ጀርባዬ ላይ አሳዘለችኝና ነጠላ ጣል አደረገችበት። ኬላው ላይ የቆመው ጠባቂ ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ ነበር። ዞሮ ከኋላዬ አየ።

«ይህ ልጅ አያለቅስም?»

«ጨዋ ነው» አለች እማዬ።

«እግርም የለው?»

እህቴ ደክሟት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሰውየው እሷን አያት፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ። «ሂዱ፣ ሕፃኑ እንዳይበርደው» ብሎ ገመዱን አነሳልን። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ላብ አልቦኝ አያውቅም።

ወፍጮ ቤትም ተጠነቀቅን። ከእኛ በፊት የሰው ስንዴ ሲፈጭ ስላየች እማዬ ከጤፋችን ላይ ጥቂት አስቀድማ አስፈጭታ ወፍጮውን አጠራችበት፤ ያን ዱቄት ተራ ለሚጠብቁት ሴቶች አከፋፈለችው። ባለ ወፍጮው «እናንተ የምታስፈጩት ወርቅ ነው?» ብሎ አጉረመረመ። እቤት ደግሞ ቡሃቃውን በአመድና በፈላ ውሃ ፈተግነው። ጠርዙ ላይ የደረቀው የድሮ ሊጥ ሳይቀር በቢላ ተፋቀ። ከሥሩ የነበረውን እርሾ እማዬ ቦይ ውስጥ ደፋችው፤ ስንዴ ነክቶታልና። ሊጡን ለማቡካት ስትቀመጥ ታዲያ እርሾ የለንም። ብድግ ብላ በአጥሩ ላይ ተጣራች።

«እትዬ፣ ትንሽ እርሾ ይኖርሻል?»

እርሾ መለመን በሰፈራችን እሳት እንደመለመን ነው፤ ማንም አይከለክልም፣ ማንም አያመነታም። እትዬ በጣሳ ሞልተው በአጥሩ ላይ አቀበሏት። እንጀራው ተጋገረ። ንጹሕ ጤፍ፣ ንጹሕ ቡሃቃ። እህቴ በላች፣ እኛም እፎይ አልን።

ግን አልዳነችም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ጊዜ እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም። እንጀራው ብቻ ነበር የምንተማመንበት፤ ስለዚህ በታመመች ቁጥር እንጀራ ጨመርንላት። ድንቹን ትታ እንጀራ እንድትበላ ለመንናት። በሚቀጥለው ቡኮ እማዬ ምናልባት ቡሃቃው በደንብ አልጸዳ ይሆናል ብላ እንደገና ፈተገችው፣ የራሳችንን እርሾ እንደገና ደፋች፣ እንደገና ከእትዬ በጣሳ አመጣች። በየቡኮው እንዲህ አደረግን። እህቴ ያልተባለችውን አታደርግም፤ የቀረበላትን ትጨርሳለች፣ ሆዷን በእጇ ይዛ ግድግዳው ላይ ትደገፋለች። አንድ ቀን «ከደሴቷ ሙዝ ማን ባመጣልኝ» አለችኝ እየሳቀች። ፒያሳ ድረስ ሄጄ ያገኘሁት ሙዝ ጥቁር የሆነ ነበር። እሱንም በላችልኝ።

የማትሪክ ውጤቴ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ እንደደረሰኝ የሰማነው በዚያ ሳምንት ነው። እማዬ እልል አለች፤ ወዲያው ወደ እህቴ አየችና ድምፅዋን ቀነሰች። እኔም መደሰት አፈርኩ።

ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው እትዬ ሊጠይቋት መጡ። ተቀምጠው እንጀራውን እያገላበጡ አዩ።

«ዓይኑ እንዴት ያምራል። የኔ እርሾ ነዋ» አሉ ደስ ብሏቸው። «የጤፍ ብቻ እርሾ እንዲህ አይነሳም። እኔ ሊጤ ላይ ገብስ ጣል አደርግበታለሁ፣ ለዚህ ነው።»

እማዬ ሰፌዱን አስቀመጠች። «ምን አልሽ?»

«ገብስ። ትንሽ ስንዴም፣ ካገኘሁ። ምነው?»

«ጤፍ ነው አላልሽም ነበር?»

«እንጀራውን ነዋ። ጤፍ ነው። አንቺ የለመንሽኝ እርሾ ነው፤ እርሾ ደግሞ እህል ነው እንዴ?»

እኛም እህል ነው ብለን አላሰብንም ነበር። ጤፉን በጀርባችን አዝለን ኬላ ያሳለፍን፣ ወፍጮውን ያጠራን፣ ቡሃቃውን የፋቅን ሰዎች፣ ገብሱን በገዛ እጃችን በጣሳ ስናስገባ ከርመናል። በየቡኮው እየፈተግን ባንደፋው ኖሮ ቢያንስ ገብሱ እየሳሳ የሄደ፣ ከራሳችን ጤፍ የተረፈ እርሾ ይኖረን ነበር። እትዬ ነገሩ ሲገባቸው መጀመሪያ ተቆጡ፣ ኋላ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ልጅቷን እኔ ገደልኳት በሉኛ» አሉ። እማዬ «አንቺ ምን አደረግሽ፣ እርሾ ሰጠሽ» አለቻቸው። እህቴ እኛን ሁላችንን እያየች፣ ደክሟት ነው መሰለኝ፣ ሳቀች።

ያለ እርሾ ሊጥ ማቡካት ይቻላል። ዱቄቱን በውሃ ብቻ በጥብጦ በራሱ እስኪኮመጥጥ መጠበቅ ነው። በዚያ ብርድና ዝናብ ግን ሊጡ እንቢ አለ። እማዬ ቡሃቃውን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ምድጃ አጠገብ አስቀመጠችው። እየከፈትን እናያለን፣ አይነፋም። ምርመራው ከሊጡ ቀደመ።

እኔ ነኝ የወሰድኳት። ነርሷ ሚዛን ላይ አቆመቻትና ቁጥሩን ለሐኪሙ አሳየችው። ሐኪሙ መልካም ሰው ነበር፤ ለማወቅ ፈልጎ ጠየቃት።

«ምንድን ነው የሚያምሽ?»

እህቴ መጀመሪያ በስፓኒሽ ስሙን ነገረችው። አልገባውም። «ሙጫ ነው» አለችው ያን ጊዜ። «ስንዴ ውስጥ ያለ ሙጫ።»

«ሙጫ ዋጥሽ?»

እኔ ጣልቃ ገብቼ ስለ እርሾው ማስረዳት ጀመርኩ። ስናገር ለራሴም የማይመስል ነገር ሆነብኝ። ሐኪሙ እስክጨርስ በትዕግሥት ሰምቶኝ «አይዟችሁ» አለ። የቡድኑ ኃላፊ ደግሞ በር ላይ ቆሞ «ተሽሎሽ ስትመጪ እናያለን፤ እዚያ ደካማ ሰው ይዤ አልሄድም» አላት። ክፉ ቃል አልወጣውም። ሁሉም ደግ ነበሩ፣ አንዳቸውም ምንም ማድረግ አልቻሉም።

የተማሪዎቹ አውሮፕላን በአዲሱ ዓመት መጀመሪያ ሲነሳ እኛ ግቢ ውስጥ ነበርን። እህቴ ቀና ብላ አላየችም። እማዬ ውስጥ ሆና «ነፋ፣ ሊጡ ነፋ» እያለች ትጣራ ነበር።

ከዚያ እንጀራ ጀምሮ ተሻላት። እኔ ጥቅምት ላይ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤት ስመጣ በየጊዜው ጉንጯ ሲሞላ አየሁ። ጥር ላይ ቀሚሷ ጠበባት። ያኔ አብረን ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄድን። ከፍ ዝቅ አድርጎ አያት፤ የረሳት መሰለኝ።

«አንቺማ ደህና ነሽ። ለምን ነበር የቀረሽው?»

«ታምሜ ነው።»

«እንዲህ ወፍረሽ?» አለ እየሳቀ። ቀጥሎ ሳቁን አቆመና፣ ቦታዋ ለሌላ ተማሪ እንደተሰጠ፣ ለመጨረሻው ዓመትም አዲስ ሰው እንደማይላክ በለሰለሰ ድምፅ ነገራት። እህቴ አመሰገነችው። ስንወጣ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

እማዬ ደጃፍ ላይ ስትጠብቀን ደረስን። «ምን አሉሽ?»

«ወፍረሻል አሉኝ» አለች እህቴ።

እማዬ ተጨማሪ አልጠየቀችም። ገብታ ማዕዱን ዘረጋች። በዚያ ቀን እንጀራው በጣም ጥሩ ሆኖ ነበር፤ ሦስታችንም በላን። ማክሰኞ፣ ጥር 26 ቀን 1979 ዓ.ም. ነበር።