የዶርቃ አንድ ጨዋታ

ዶርቃ ኦቻንግ ሦስት ዓመት ተከታትላ የክልላችን የሴቶች ቴኒስ ሻምፒዮን ስትሆን አንድም ሰው አላሸነፈችም። የሚገጥማት ስለሌለ ዋንጫውን የምትወስደው በፎርፌ ነበር። የጋምቤላ ክልል ከተቋቋመ ገና አራተኛ ዓመቱ ነበር፤ ማኅተሙም፣ የቢሮዎቹ ታፔላም አዲስ። እኔም ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ በስፖርት ክፍሉ የተመደብኩ ጀማሪ ነበርኩ። ዶርቃ በዚያው ግቢ ታይፒስት ነበረች።

ጨዋታውን ያስተማረቻት አንዲት የሚሲዮን ነርስ ናት። መንግሥት ሲለወጥ ነርሷ ወደ አገሯ ተመለሰች፤ ለዶርቃ ሁለት ራኬትና አንድ ከረጢት ኳስ ትታላት። ከዚያ ወዲህ ዶርቃ ከሥራ ስትወጣ ባሮ ዳር ካለው አሮጌ መጋዘን ግድግዳ ጋር ትጫወታለች። ድምፁ እስከ ቤቴ ይሰማኝ ነበር፤ ጧ፣ ጧ፣ ከዚያ ዝምታ። ዝም የሚለው ኳሷን ለማምጣት ስትሄድ ነው። ሁለተኛው ራኬት ሣር ላይ ተጋድሞ ይውላል።

በአራተኛው ዓመት ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ። ለአገር አቀፍ ውድድር የሚላክ ሰው በክልሉ ተጋጥሞ ያሸነፈ መሆን አለበት፤ የውጤት ወረቀቱ ላይም ሁለቱ ተጋጣሚዎች ይፈርሙ ይላል። ዶርቃ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

“እንግዲህ ሰው እፈልጋለሁ” አለች።

ሰው ያገኘችው ሳሙና ልትገዛ ሄዳ ነው። ሙሐመድኑር የሚባል የደጋ ነጋዴ መሰላል ላይ ቆሞ ሳሙና ይወረውራል፤ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጁ ራሂማ ወደ ደንበኛው እንደዞረች በግራ እጇ ትቀልባለች። ዶርቃ የመጣችበትን ረስታ አባትየውን መለመን ጀመረች።

“ቴኒስ?” አለ ሙሐመድኑር። “ስኳሩን ማን ሊመዝንልኝ? አንቺ?”

“ጠዋት ነው ጋሼ። ሱቅ ሳይከፈት።”

“በረጅም ቀሚሷ ከሆነ ትጫወት። ግን ከጋምቤላ ወዲያ የለም። አዲስ አበባ ምናምን እንዳልሰማ።”

“እሺ ጋሼ።”

ስምንት ወር ሙሉ በየማለዳው ገመድ ወጥረው ተጫወቱ። ከመጋዘኑ ወገን ሳቅ የሰማሁት ያኔ ነው። የማን እንደሆነ መለየት አልቻልኩም፤ የዶርቃን ሳቅ አላውቀውማ።

የውድድሩ ዕለት፣ ቅዳሜ፣ አርባ የሚሆን ሰው መጣ። ሜዳውን በኖራ አሠመርነው። የዶርቃ አጎት ኦባንግ የዓሣ መረቡን አውሶን፣ እስኪመለስለት ከጎኑ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር።

“ቶሎ በሉ እንጂ” ይላል። “መረቤ እዚህ ተገትሮ ዓሣው ይስቅብኛል።”

ዳኛው እኔ ነበርኩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጌሞች ዶርቃ ወሰደች። ራሂማ የመታችው ኳስ ሁሉ ከመሥመር ይወጣል። ሰው አጨበጨበ። ዶርቃ ግን ወደ መረቡ ቀረበች።

“ሆን ብለሽ ነው።”

“ምኑ?”

“ኳሱን የምታወጪው። ያስተማርኩሽ እኔ፤ አላውቅም?”

ራሂማ ወደ አባቷ ገልመጥ አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። “እታለም፣ እኔ ባሸንፍም የትም አልሄድም። አንቺ ሂጂ።”

“ዋንጫውን ሦስት ዓመት በነፃ ነው የወሰድኩት። ዛሬ ተጫወቺ። ካልሆነ ነገ እንዳትመጪ።”

ራሂማ ሻሿን አጥብቃ አሠረች። ከዚያ በኋላ የሆነው ሌላ ነገር ነው። ዶርቃ እንደዚያ ስትሮጥ አይቼ አላውቅም፤ ወደቀች፣ ጉልበቷ ተላጠ፣ ተነሣች። ኦባንግ እንኳ መረቡን ረሳ። ራሂማ ስድስት ለአምስት ስትመራ ለጨዋታው መዝጊያ የመታችው ኳስ ከዶርቃ ኋላ አረፈ። አቧራው ከልሎኝ አላየሁትም። ሰው ሁሉ እኔን ያያል፤ እኔ ዶርቃን።

“ኖራው ላይ ነው” አለች። “ገብቷል።”

ሰባት ለአምስት።

ሰው መበተን ሲጀምር ወረቀቱን ይዤ ጠጋ አልኳት። “ዶርቃ፣ ገና አልሞላሁትም። ራሂማ እንደሆነች አትሄድም። ያንቺን ስም ብጽፈውስ?”

“አስተካክለህ ጻፍ። ራሂማ ሙሐመድኑር፣ ሰባት ለአምስት።”

ከተሸናፊው መሥመር ላይ ፈረመች። ራሂማም ፈረመችና አባቷን ተከትላ ሱቅ ልትከፍት ሄደች።

በዚያ ዓመት ክልላችን በሴቶች ቴኒስ ማንንም አልላከም። ራሂማን ክረምቱ ሳይገባ ወደ ጅማ ዳሯት። እኔም ተዛወርኩ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለሥራ ጋምቤላ ስመለስ ዶርቃን አገኘኋት። ጡረታዋ ቀርቧል፤ ብቻዋን ነው የምትኖረው።

“ትጫወቻለሽ?” አልኳት።

“ከማን ጋር?”

ስለ ዋንጫዎቹ አንድም አላነሣችም። ያንን ቅዳሜ ግን ከሦስተኛው ጌም ጀምራ ኳስ በኳስ ነገረችኝ፤ እኔ የረሳሁትን ሁሉ። ስትጨርስ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

“ስለ ራሂማ የሰማኸው ነገር አለ?” ስትል ጠየቀችኝ።

ምንም አልሰማሁም ነበር።