ልጋጋም የጾመበት ሁዳዴ

ባለፈው እሑድ የቴሌቪዥናችን ሪሞት አልሠራም አለ። ባለቤቴ ጀርባውን ከፍቶ የባትሪ ድንጋዮቹን አወጣና አንዱን በመንጋጋው ይዞ ቀጨም አደረገው። መልሶ ሲከተው ቴሌቪዥኑ በራ። እሱ ተደላድሎ ዜናውን ማየት ጀመረ፤ የእኔ አፍ ግን ምራቅ ሞላ። ያ ዝገት ዝገት የሚል፣ ምላስ የሚኮሰኩስ መራራ ጣዕም ድንጋዩን ራሴ የነከስኩት ይመስል መጣብኝ። በረንዳ ወጥቼ ተፋሁት። ባለቤቴ ከውስጥ ሆኖ፣ አንቺ ደግሞ መጠየፍ ስታበዢ፣ ሲለኝ ሰማሁት።

እውነቱን ነው፣ ተጠያፊ ነኝ። ሰው በጠጣበት ብርጭቆ አልጠጣም። ሌላ ሰው የጎረሰበትን እጅ ሳይ ምግቤን ትቼ እነሣለሁ። ልጅ ሆኜ ንፋስ መውጫ ሳለን እናቴ፣ ይህች ልጅ ባል ቤት ስትገባ ምን ይውጣት ይሆን፣ እያለች ለጎረቤት ታወራ ነበር። የባትሪ ድንጋይ ነክሼ የማውቀው በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የዚያን ነገር ልንገራችሁ።

ታላቅ ወንድሜ ዜማ ሊማር ቤተ ልሔም የሚባለው የአብነት ትምህርት ቤት ሄዶ ነበር። ድምፁን መምህሩ ሳይቀሩ ያመሰግኑለት ነበር ይባላል። ከጉልበቱ በታች የወጣ ቁስል አላስቀምጥ ስላለው ግን አጎታችን በበቅሎ ጭኖ አመጣው። ሲጀምር እሾህ የወጋው ያህል ነበር አሉ። እኔ ሳየው ጣት የሚያስገባ ጉድጓድ ሆኖ ነበር፤ ከውስጡም ቢጫ ነገር ያለማቋረጥ ይወርዳል።

ይሸታል። እንዴት እንደሚሸት አልደብቃችሁም። ክረምቱን ሙሉ እርጥብ ቦታ ተረስቶ የከረመ የቆዳ ስልቻ ሲከፈት የሚመጣውን ክርፋት አስቡት፤ በዚያ ላይ ትንሽ ጣፈጥ የሚል ነገር ጨምሩበት። የከፋው ያ ጣፋጩ ነበር። ሊጠይቁ የሚመጡ ዘመዶች ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ከበር ላይ፣ እግዜር ይማርህ፣ ብለው ይመለሳሉ። እናቴ ጠዋትና ማታ በጨው ውኃ ታጥብለታለች። የእኔ ሥራ በጭራ ዝንብ ማባረር ነበር። በአፍንጫዬ መተንፈስ አቅቶኝ በአፌ ስተነፍስ ደግሞ ሽታውን የበላሁት መሰለኝ። ወንድሜ ይህን ያውቅ ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞርልኝና፣ ሂጂ ውጪ ተንፍሰሽ ነይ፣ ይለኛል።

ለገና ከቤሩት የመጣች አክስታችን ናት የጌም መጫወቻዋን ለወንድሜ የሰጠችው። የአሠሪዋ ልጅ ሰልችቷት የተወቻት፣ መዳፍ ውስጥ የምትገባ ግራጫ ማሽን። በቁልፎቿ መካከል የማላውቃት ልጅ እድፍ ተጠራቅሞ ጠቁሮ ነበር። በመርፌ ጫፍ እየጫርኩ አንድ በአንድ አወጣሁት፤ ከዚያ እጄን በሳሙና ታጥቤ አሁንም ንጹሕ አልመስል አለኝ።

ጨዋታው አውሬ መያዝ ነው። ጫካ ለጫካ እየዞራችሁ የምታገኙትን አውሬ ትይዛላችሁ፣ እያበላችሁ ታሳድጉታላችሁ፣ ከሌላ አውሬ ጋር ታታግሉታላችሁ። በየጫካው ጫፍ በር አለ። የመጨረሻው በር ላይ ቤት የሚያህል፣ ገላው በሙሉ ኪንታሮት የሆነ እንቁራሪት ተቀምጧል። እሱን ያሸነፈ ጨዋታውን ጨረሰ ማለት ነው። እንግሊዝኛውን እኔ ከትምህርት ቤት በለቀምኳት እናነብባለን፤ የቀረውን እንገምታለን።

ስንት የሚያምር አውሬ ነበረ። ላባው እንደ ሐር የሚያበራ ወፍ ነበረ፣ ባለ ወርቅ ቀንድ ሚዳቋ ነበረች። ወንድሜ ግን የመረጠው ቤቱን የተገፈፈ ቀንድ አውጣ የሚመስል፣ ዓይን ይኑረው አይኑረው የማይታወቅ ግራጫ ነገር ነው። በሄደበት ሁሉ የሚያብረቀርቅ ልጋግ ይተዋል። ሲበላ ሽልቅልቅ የሚል ድምፅ ያሰማል። ወፉን እንያዝ ብዬ ለመንኩት።

"ይህን እኛ ካልያዝነው ማን ይይዘዋል?" አለኝ።

ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ልጋጋም አልኩት። ልሰድበው ነበር፤ እሱ ግን ወደደውና ስሙ ሆኖ ቀረ።

ማሽኗ ሁለት ቀጫጭን ድንጋይ ትበላለች። ሲደክሙ ወንድሜ መስኮቱ ላይ ፀሐይ ያሞቃቸዋል። ፀሐይም አልበቃ ሲል ይነክሳቸዋል። ነክሶ፣ ምራቁ እንዳለበት፣ ክተቺልኝ ብሎ ሲሰጠኝ በጨርቅ ጫፍ እቀበለውና በሁለት ጣቴ ይዤ እከታለሁ። ይስቅብኛል።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

በጨዋታው ውስጥ ለአውሬ የሚሰጥ ምግብ ሁለት ነው፣ ቀይ ሥጋና አረንጓዴ ፍሬ። በቅበላ ዕለት ልጋጋም ሥጋውን እስኪጠግብ በላ። በማግሥቱ ወንድሜ፣ ከእንግዲህ ይህም ጿሚ ነው፣ አለኝ። ፍሬውንም ቢሆን ቅዳሴ ወጥቶ ደወል ካልተሰማ አይሰጠውም። እኔም ትክክል መስሎ ታየኝ። በጾም ያ ቀይ ሥጋ ከነደሙ ብቅ ሲል በሥዕል እንኳ ቢሆን ይቀፈኝ ነበር። እንደዚያ ብለን አውሬውን እንደ ሰው ከእኛ እኩል አስጾምነው።

ልጋጋም ከሳ። እንቁራሪቱ በር ስንደርስ በአንድ ጥፊ ይዘርረዋል። ተነሥቶ ይሄዳል፣ ይዘረራል። ወንድሜ ስንት ከሰዓት በኋላ እንደዚያ ሲዘረርበት እንደዋለ እንጃ።

እሱም ከሳ። ጤና ጣቢያ ያየው ሰውዬ ለእናቴ ነገሩን አልሸፈነላትም። እግሩ ባሕር ዳር ሄዶ መቆረጥ አለበት፤ ነገር ግን ደም የለውም፣ በዚህ አቅሙ ቢላዋውን አይችለውም። እስከዚያ ወተትና እንቁላል ይብላ አላት። እናቴ በዚያው የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄዳ ፈቃድ ይዛ ተመለሰች፤ ለታመመ ሰው ይፈቀዳል። ወንድሜ ግን ወተቱን ሲያይ ጥርሱን ነከሰ። ብትለምነው፣ ብታለቅስበት፣ ብትቆጣው አይከፍትም። በመጨረሻ አንዲት ነገር ተናገረ።

"ሁዳዴን ገድፌ ልሙት ነው የምትይኝ፣ እማ?"

እናቴ ጣሳውን መሬት አስቀምጣ ወጣች። ወተቱ እዚያው ዋለ። ላዩ ላይ ቆዳ ሠርቶ፣ ዝንብ ገብቶበት፣ ከቁስሉ ሽታ ጋር ሲቀላቀል እሱ የተኛበት ጓዳ የሚገባበት አልሆነም። ያን ቀን ጭራውን ጥዬ ሄድኩ።

የነፍስ አባታችን ራሳቸው መጡ። ከቅዳሴ እንደወጡ፣ እህል ሳይቀምሱ፣ አቧራቸው እንዳለ። ሽማግሌ ናቸው፤ አፍንጫቸውን ሳይሸፍኑ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። ይህን እስካሁን አልረሳሁላቸውም። መስቀል አሳልመውት ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ወንድሜ ጋቢው ውስጥ የደበቃት ማሽን ጮኸች።

"ምንድን ነው ይህ የሚንጫጫው?" አሉ።

ወንድሜ አፍሮ አወጣት። ከዓይናቸው አርቀው ይዘው ቅንድባቸውን ሰብስበው አዩዋት። ልጋጋም መሬት ላይ ተዘርግቶ ልጋጉን ያዝረከርካል። ፊታቸው ተጨማደደ፤ ስለ መጠየፍ እኔ አውቃለሁና አልተሳሳትኩም፣ ቀፏቸው ነበር። እግዚኦ፣ ይህ ደግሞ ምን የሚሉት ፍጥረት ነው፣ አሉ። እኔ ነገርኳቸው። ርቦት ነው አባ፣ ወንድሜ እያስጾመው በሩን ማለፍ አቃተው፣ አልኩ። እናቴ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ይላት ነበር።

እሳቸው ግን አልሳቁም። ማሽኗን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወንድሜን፣ ማን ጹም አለው፣ ብለው ጠየቁት።

"በነነዌ እንስሳቱም ጾመዋል፣ አባ።"

ቀና ብለው አዩት። የቤተ ልሔም ተማሪ መሆኑን ያን ጊዜ ያስታወሱ መሰለኝ።

"ጾመዋል" አሉ። "ሦስት ቀን። የጾሙትም ከሰው ጋር ሊድኑ ነው። አንተ ይህን ምስኪን የምታስጾመው ከማን ጋር ሊድን ነው?"

"ከእኔ ጋር ነዋ። እኔ ሳልበላ እሱ አይበላም።"

"እንግዲያው ለሁለታችሁም ፈቅጃለሁ። አንዳችሁ ብቻ ቢበላ ግን ፈቃዴ ፈረሰ። ኃጢአት ቢሆን በእኔ ይሁን፣ ልጄ።"

ወንድሜ እሳቸውን አየ፣ ልጋጋምን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ስጪው አለኝ።

እናቴ ትኩስ ወተት ይዛ ገባች። ያ ጭስ ጭስ፣ ላም ላም የሚል ሽታ በጾም አንጀት ላይ ምን እንደሚያደርግ ጾሞ የማያውቅ ሰው አይገባውም። ቁልፉን ተጫንኩ። ቀዩ ሥጋ ወደቀ፣ ልጋጋም ተንደርድሮ ሽልቅልቅ እያደረገ ያዘው። ወንድሜ አፍንጫውን በጣቱ ቆንጥጦ ጠጣ። ግማሹ በአፍንጫው ተመለሰ። የቀረውን ጋቢው ላይ አስመለሰው፤ እኔም ሮጬ ወጥቼ ግድግዳ ሥር አስመለስኩ። ተመልሼ ስገባ የነፍስ አባታችን ጋቢውን በገዛ ነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር። እናቴ እንደገና ቀዳች። ወንድሜ፣ አንቺም እንደገና ስጪው፣ አለኝ።

ከዚያ በኋላ የየቀኑ ሥራችን ይህ ሆነ። ማን ቀድሞ ይጨርሳል እያልን ወንድሜንና ልጋጋምን እናፎካክራለን። ወንድሜ እንቁላል ሲበላ ዓይኑን ይጨፍናል፣ እኔም እጨፍናለሁ፤ ልጋጋም ብቻ ነው መጠየፍ የማያውቀው። እየወፈረ ሲሄድ ልጋጉ በዛ። የወንድሜም ጉንጭ ትንሽ ቀላ።

ወደ ባሕር ዳር ሊወስዱት በዋዜማው ከሰዓት በኋላ እንቁራሪቱ በር ሄድን። ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንኳኳል፤ በመስኮቱ የገባው ፀሐይ አልጋው ላይ ስላረፈ ማሽኗን በጋቢ ጥላ አድርገን አንገታችንን አንድ ላይ ቀበርን። ሽታው እዚያ ውስጥ እንዴት እንደነበረ አትጠይቁኝ። እንቁራሪቱ ሲማታ ልጋጋም አልተዘረረም። አንድ ጊዜ ወደ ኋላ አለና ያን የምጠላውን ልጋጉን በሙሉ ፊቱ ላይ ተፋበት። እንቁራሪቱ ዓይኑ ተደፍኖ፣ በልጋጉ ላይ እየተንሸራተተ ወደቀ። በሩ ተከፈተ። ከበሩ ወዲያ የነበረው አንድ ባዶ የሣር ሜዳ ነው። ትንሽ ሙዚቃ ተሰማ፣ ፊደሎች አለፉ።

"ይኸው ነው?" አለ ወንድሜ።

ይኸው ነው። እንቅ እስኪለን ሳቅን። እሱ እንደዚያ ሲስቅ ከቤተ ልሔም ከመጣ አይቼው አላውቅም።

ጠዋት በቃሬዛ አውጥተው ሚኒባስ ላይ ሲጭኑት ተሳፋሪው ገና ሳይቀመጥ መስኮት መክፈት ጀመረ። ማሽኗን በእጄ አስያዘኝ። ፈቃዱ ሁለታችን አብረን ስንሆን ነው፣ እኔ ስሄድ ወደ ጾሙ ይመለስ፣ ለፋሲካ እመጣለሁ፣ ሦስታችንም አብረን እንፈስካለን፣ አለኝ። እሺ አልኩት። ስሰናበተው ልስመው ጎንበስ ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ፤ ያኔም ያዝኩ።

ከሆሣዕና በፊት ሞተ። እግሩን ሲቆርጡት ችሎ ነበር፤ በኋላ የመጣውን ትኩሳት ነው ያልቻለው። እናቴ ለሚያጽናናት ሁሉ፣ እህል ቀምሶ ሄዷል፣ ትላለች። ሌላ የምትይዘው ነገር አልነበራትም።

ፍራሹን አቃጠሉት። ጓዳውን አጥበው፣ ግድግዳውን በጭቃ መርገው አደረቁት። ያ ስሸሸው የነበረ ሽታ ብን ብሎ ጠፋ። አንድ ቀን ማንም ሳያየኝ ገብቼ፣ አልጋው በነበረበት በኩል ግድግዳው ላይ አፍንጫዬን ለጥፌ ፈለግሁት። ጭቃ ብቻ ይሸት ነበር።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት እቤታችን አልታረደም። ጎረቤት ሳህን ይዞ ይገባል፣ ይወጣል። ለእኔም ሥጋ ሰጡኝ፤ ይዤው ጓዳ ገባሁ። ማሽኗን ብጫን ሞታለች። ድንጋዮቹን አውጥቼ ፀሐይ ላይ አደረግኋቸው፤ አሞቅኋቸው፤ እንቢ አለች። ያን ጊዜ አንዱን አገላብጬ አየሁት። ጎኑ ላይ የወንድሜ ጥርስ ያረፈበት ሰርጎድ ያለ ቦታ አለ።

በጨርቅ አልያዝኩትም። አላጠብኩትም። አፌ ውስጥ አስገብቼ ጥርሴን እሱ በነከሰበት ላይ አሳርፌ ነከስኩ። መራራው ምላሴን ኮሰኮሰው፣ አፌ ምራቅ ሞላ። አልተፋሁትም፤ ዋጥኩት።

ማሽኗ በራች። ልጋጋም ሜዳው ላይ ከስቶ ተኝቷል። ሥጋውን ሰጠሁት፣ እኔም ሥጋዬን ጎረስኩ።