ባለመዳፉ ሞቷል ወይስ አልሞተም

ነጅዋ ጭሮ መናኸሪያ አጠገብ ካሉት የሞባይል ሱቆች በአንደኛው ትሠራለች። ስልክ ትጠግናለች፣ ካርድ ትሸጣለች፣ ሚሞሪ ላይ ዘፈንና ፊልም ትጭናለች። ከተማው የሚያውቃት ግን በድምጿ ነው። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ዳግማዊ በሚባል ሰው ፊልም ቤት ማይክ ይዛ የውጭ ፊልም የምትተርከው እሷ ናት። ሽማግሌውንም፣ ሕፃኑንም፣ ወንበዴውንም በአንድ ጉሮሮ ታናግራለች። ነገሩ ሲጦፍ ኦሮምኛ ጣል ታደርግበታለች፤ ቤቱ በሳቅ የሚፈርሰው ያኔ ነው።

ትውልዷ ቦኬ ነው። ኩዌት ሄዳ የአንድ ቤተሰብ ልጅ ስታሳድግ ዓመታት ቆይታለች። ልጅቷ ሪም ትባላለች። ሪም ቴሌቪዥን ፊት ካልሆነ ምግብ አይወርድላትም ነበር። ነጅዋ እያጎረሰቻት ፊልሙ ሥር የሚያልፈውን የዐረብኛ ጽሑፍ ማንበብ ለመደች። ፊደሉን በልጅነቷ ቦኬ ቁርኣን ቤት ቀርታ ተምራዋለች፤ ትርጉሙን ደግሞ ከሪም አፍ ለቀመች።

የተመለሰችው አባቷ ሲሞቱ ነው። ለለቅሶ ፈቃድ ተሰጥቷት መጣች፣ እናቷ ሰዓዲያ ታመው አገኘቻቸውና ቀረች፣ የሪም እናት ማዳም ሌላ ሰው ቀጠረች። ከዚያ ቤት በወጣችበት ጠዋት ሪም ትምህርት ቤት ነበረች። አልተሰናበተቻትም። እናቷን ጭሮ አምጥታ ቤት ከተከራየች በኋላም የማዳም ቁጥር ስልኳ ላይ ነበር፤ አንድም ቀን ግን አልደወለችም። "መቼ ነው የምትመጪው ብትለኝ ምን እላታለሁ?" ትል ነበር እናቷን።

ትረካውን የጀመረችው በአጋጣሚ ነው። የዳግማዊን ስልክ ጠግና ልታደርስ ፊልም ቤቱ ስትገባ፣ ሥሩ ዐረብኛ የተጻፈበት ፊልም እየታየ ነበር። ከጎኗ የተቀመጡት ሴትዮ "ምን አለ?" አሏት። ነገረቻቸው። ደግመው ጠየቁ፣ ደግማ ነገረቻቸው። ከፊት ያሉት ዞረው "ጮክ በይ እንጂ!" አሏት። ዳግማዊ በሳምንቱ ማይክ ገዛ፤ ከኋላ በኮምፔርሳቶ ለይቶም ትንሽ ክፍል ሠራላት። ሴቶች ፊልም ቤቱን የለመዱት ከዚያ ወዲህ ነው።

ከሁሉም የተወደደላት ፊልም መዳፉን ዘርግቶ መኪናም፣ ጥይትም፣ ጎርፍም የሚያቆም ጀግና ያለበት ነው። የፈረንጅ ስሙ ለአፍ ስላልተመቻት "ባለመዳፉ" አለችው፤ ስሙ ጸና። ይህን ፊልም ኩዌት ሳለች ከሪም ጋር ሲኒማ ቤት ገብታ አይታዋለች። መጨረሻው ላይ ድልድይ ይፈርሳል፣ ባለመዳፉ ሰዉን አሳልፎ እሱ ወንዝ ይገባል። መዳፉ ብቻ ከውኃው በላይ ይታያል፤ ከዚያ እሱም ይሰምጣል። በዚህ አበቃ። ሪም ያን ቀን መኪና ውስጥ እስክትገባ አልቅሳለች፤ ሁለተኛውን አብረን እናያለን ብላም ነጅዋን አስምላታለች።

ነጅዋ ስትተርከው ጭሮም ያለቀሰ ሰው ነበር። ባጃጅ ነጂዎች መንገድ ላይ ሲተላለፉ መዳፋቸውን እያነሡ ሰላም ይባባሉ ጀመር። ክፍል ሁለት ሊወጣ ነው ተብሎ ማስታወቂያው በቴሌግራም ሲለቀቅ ደግሞ የነጅዋ ሱቅ በር ላይ መቆሚያ ጠፋ። ማስታወቂያው ላይ የሚታየው አንድ በር የሚከፍት እጅ ብቻ ነው። ባጃጅ ነጂው አብዱናስር ሞቷል የሚሉት መሪ ነበር፤ መድኃኒት ቤት የምትሠራው ኤደን ደግሞ አልሞተም የሚሉት።

"ያ እጅ የሱ ነው። ጣቶቹን እይ!" አለች ኤደን ስልኳን አፍንጫው ሥር ደቅና።

"አቦ፣ ግራ እጅ እኮ ነው! የሱ ኃይል ቀኙ ላይ ነው። ግራ እጅ ማንም አለው።"

"በግራው በር መክፈት አይችልም?"

"ቀኝ እጁ ደህና የሆነ ሰው ለምን በግራው ይከፍታል? ነጅዋ፣ አንቺ ፍረጂ።"

"እኔ የተጻፈውን ነው የማነበው" ትላለች ነጅዋ፣ ከምትበይደው ስልክ ቀና ሳትል።

ከሂርና ሴቶች እየደወሉ ቦታ ያዙልን አሉ። ተሻለ የሚባል የመቻራ ቡና ነጋዴ ቡናውን የሚጭንበትን ቀን ከፊልሙ ቀን ጋር ለማገጣጠም በየጊዜው ይጠይቅ ነበር። ዳግማዊም ቅዳሜ ይታያል ብሎ በየምሰሶው ለጠፈ።

ፊልሙ ከአዲስ አበባ የመጣው ማስታወቂያው ከተለጠፈ በኋላ ነው። ነጅዋ ሱቋን ዘግታ ከፈተችው። ሥሩ ባዶ ነው። ወደፊት አሳለፈችው፣ መሃሉም ባዶ ነው። የዐረብኛ ጽሑፍ የለውም።

ዳግማዊን ጠርታ አሳየችው። "እንግሊዝኛ ብቻ ነው። እኔ እንግሊዝኛዬ የመድኃኒት ካርቶን አያስነብብም።"

"ጽሑፍ ያለው መቼ ይመጣል?"

"እንጃ። ሊቆይ ይችላል።"

"ነጅዋ፣ ሰው ከመቻራ ድረስ እየመጣ ነው። እኔ ሰውን ምን ልበለው?"

ኤደን ልትረዳ መጣች። እንግሊዝኛ ታውቃለች፣ ግን ሰዎቹ እየሮጡና እየተተኮሰባቸው ነው የሚያወሩት። አንድ ዓረፍተ ነገር ስትይዝ ሁለት ያመልጧታል። የመጀመሪያውን ውጊያ እንዳለፉ ኤደን ራሷን ያዘች። "ግማሹን ብነግርሽ ግማሹ የኔ ፈጠራ ነው የሚሆነው" አለች።

ነጅዋ ያን ማታ ማዳም ጋ ደወለች። ማዳም ደንግጣም ተደስታም አናገረቻት፤ ከዚያ ስልኩን ለሪም ሰጠቻት። በዐረብኛ ነው ያወሩት።

"ነጂ? አንቺ ነሽ?" አለች ሪም። "ድምፅሽ ወፍሯል።"

"ያንቺም።"

ነጅዋ ያቺን የፈራቻትን ጥያቄ ጠበቀች። ሪም አልጠየቀችም። ነጅዋ በኋላ ለእናቷ ስትናገር፣ ባለመጠየቋ እፎይ አልኩ፣ ግን ደግሞ ከፋኝ ብላለች።

የደወለችበትን ነገር ስትነግራት ሪም ሳቀች። "እኔ እኮ አሁን እንደዚያ ዓይነት ፊልም አላይም። የልጆች ነው።"

"እዚህ የሚጠብቁት ሁሉ ጢማም ናቸው።"

"እሺ" አለች ሪም። "ነገ ሲኒማ ገብቼ አይቼ እነግርሻለሁ።"

በማግሥቱ ከኩዌት የድምፅ መልእክት መምጣት ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ደረቅ ነበሩ፤ አንዱ ይገባል፣ ይጣላሉ፣ ሕንፃ ይፈርሳል። እየቆየ ሲሄድ ግን ሪም የሴትየዋንም የሽማግሌውንም ድምፅ እያወጣች መናገር ያዘች። ውጊያው ጋ ስትደርስ ማዛጋቷን ትታ ትጮህ ነበር። ነጅዋ እየሰማች ፊልሙን ታስኬዳለች፣ ታቆማለች፣ ትመልሳለች። ኤደንም የተጠራጠሩትን ቦታ በእንግሊዝኛው ታረጋግጥላታለች። በሩን የሚከፍተው እጅ ጋ ሲደርሱ ኤደን ተነሥታ ነጠላዋን ለበሰች።

"የት ነው?" አለቻት ነጅዋ።

"ይሄን ከሰው ጋር ነው የማየው" ብላ ወጣች። ስለዚህ እጁ የማን እንደሆነ በጭሮ የምታውቀው ነጅዋ ብቻ ሆነች።

ቅዳሜ ፊልም ቤቱ ግጥም አለ። አግዳሚው ሞልቶ ሰው መሬት ተቀመጠ። ነጅዋ በጥሩ ሁኔታ ጀመረች፤ ሰዉ ሳቀላት፣ አፏጨላት። በሩን የሚከፍተው እጅ መጣ። እጁ በሩን ገፋ፣ ካሜራው ከክንዱ ወደ ትከሻው ወጣ፣ እና መብራት ሄደ።

ጩኸቱ መናኸሪያው ድረስ ተሰማ። ዳግማዊ ወደ ጄኔሬተሩ ሮጠ፤ ነዳጅ የለውም፣ ማደያውም በዚያ ሰሞን ሰልፍ እንጂ ቤንዚን አልነበረበትም። ሰዉ ከተቀመጠበት አልነሣ አለ።

"ነጅዋ ታውቀዋለች አይደል? ትንገረና!" አለ አንዱ።

"አዎ! በአፏ ትጨርስልን!"

አብዱናስር አግዳሚው ላይ ቆመ። "ማንም እንዳይነግረኝ! ነጅዋ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ዝም በይ!"

"አንተ ፈርተህ ነው!" አለች ኤደን።

"ልፍራ! በዓይኔ ነው የማየው!"

ተሻለ ቡናው ኢሱዙ ላይ ተጭኖ ቆሟል፤ ማደር አልፈለገምና ትንገረን ከሚሉት ወገን ሆነ። ክርክሩ እየጋለ ሲሄድ ነጅዋ ከክፍሏ ወጣች። ሰዉ ጸጥ አለላት። "የኔ ሥራ እያያችሁ መተረክ ነው" አለች። "መብራት ሲመጣ ኑ።"

ተሻለ እየተነጫነጨ አልጋ ያዘ። እስኪመሽ ድረስ የነጅዋ ስልክ ጮኸ፤ ከሂርና የመጡት ሴቶች "በሹክሹክታ ብቻ" እያሉ ለመኗት። ራት ላይ ደግሞ በሕይወታቸው ፊልም አይተው የማያውቁት እናቷ ጉርሻቸውን ይዘው ቆዩና፣

"ያ ልጅ ግን ተርፎ ይሆን?" አሏት።

"እማ፣ እርስዎም?"

"የሰው ልጅ አይደል እንዴ። ብጠይቅ ምን አለበት?"

"ነገ ከኔ ጋር ይምጡና ይዩ።"

መጡ። መብራት የተመለሰው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው፤ ወሬው ከሰው ሰው እየዞረ ቤቱ ከቅዳሜውም በለጠ። ሰዓዲያን ከፊት አስቀመጧቸው።

ባለመዳፉ አልሞተም። ቀኝ እጁ ግን ድልድዩ ሥር ቀርቷል። በሩን የከፈተው በግራው ነበር፣ ግራው ደግሞ ምንም ኃይል የለውም። ከዚያ ወዲያ እንደማንኛውም ሰው ነው የሚታገለው፤ ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ጎረቤቶቹ ያግዙታል። መጨረሻው ላይ ልጆች ከጎርፍ ሲያወጣ ገመዱን በጥርሱ ነክሶ ነው። ነጅዋ እዚያ ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ተሰበረ። ትወና የመሰላቸው አጨበጨቡላት። ሰዓዲያ "አልሐምዱሊላህ!" ሲሉ ሰዉ ሁሉ ሰማቸው።

ሲወጡ ኤደን በሩ ላይ አብዱናስርን ጠብቃ ቆመች።

"እሺ? ሞቷል?"

"ኃይሉ ከሞተ እሱም ሞቷል ማለት ነው" አለ አብዱናስር። "ደግሞ ግራ እጅ ነው ብዬሽ ነበር፣ ግራ ሆነ።"

ኤደን ሳቀች። ተሻለ ለማንም ሳይፈርድ ኢሱዙው ላይ ወጣ። ሌሎቹ ግን ተከፋፍለው እስከ አስፋልቱ ተከራከሩ፤ እስካሁንም ባጃጅ ተሳፍሮ ነገሩን ያነሣ ሰው ከአብዱናስር ሳይሟገት አይወርድም።

ነጅዋ ሱቋ ገብታ ስልኳን ስታይ ከሪም መልእክት ደርሷል። ሰዎቹ ምን አሉ? ይላል። ሁሉንም በድምፅ ነገረቻት፤ የመብራቱን፣ የአብዱናስርን፣ የእናቷን ምስጋና ሳይቀር። ሪም ስትስቅ የተቀዳ ድምፅ ላከችላት። ቀጥላም ፈተና ላይ ስለሆነች ሐሙስ ሲያልቅ እንድትደውልላት ጻፈችላት።

ሐሙስ ደወለች። ብዙ ቆዩ፤ ስለ ፊልሙ ግን ብዙም አላወሩም።